ድሬ ገጠር አላት እንዴ?

ሐሙስ፣ ከዚራ

ድሬዳዋ የገባሁት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ወገቤ የራሴ አልመስል ብሎኛል። ደግነቱ ጥር ነው። በጥር ድሬ ሰው ታስተናግዳለች። ግንቦት ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰዓትም ግድግዳው ይተኩስ ነበር።

አክስቴ ከዚራ ነው የምትኖረው። ድሬ ከገባች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል። በረንዳዋ ላይ ከኒሙ ሥር እራት ቀርቦ ጨዋታ ተጀመረ።

«ምን እግር ጣለህ?»

«ገጠሩን ልጎበኝ ነው።»

«የት ገጠር?»

«የድሬዳዋን።»

ሳቀች። «ድሬ ደግሞ ገጠር አላት እንዴ? አታድክመኝ አቦ!»

አልፈርድባትም። ድሬዳዋ ሲባል ለሁላችንም የሚመጣልን ባቡር፣ ከዚራ፣ መጋላ፣ ባጃጅና የምሽት ጨዋታ ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን የግንቦት 1999ን የሕዝብ ቆጠራ ሳገላብጥ ነው የደነገጥኩት። የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ይላል። ከተሜው 233,224 ነው። ቀንሱት። የቀረው 108,610 ሰው ገጠር ነው የሚኖረው። ከሦስት ድሬዎች አንዱ ማለት ነው። መሬቱ ደግሞ የባሰ ነው። አስተዳደሩ ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ከተማዋ ከዚያ ላይ የያዘችው ትንሽ ጥግ ናት።

ይኼን ለአክስቴ ነገርኳት። «እና እነዚህ ሰዎች የት ነው ያሉት?» አለችኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው።

ዓርብ፣ ደብዳቤ ፍለጋ

ጠዋት በወተት ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ፈጢራም ነበር። በድሬ ቁርስ ቀልድ የለም።

ገጠር ቀበሌ ሄዶ ሰው ማናገር ያለ ደብዳቤ አይሆንም ተብዬ ስለነበር አንድ ቢሮ ገባሁ። የቢሮውን ስም እዚህ አልጽፍም። ደብዳቤው በ10 ደቂቃ ተተየበ። ማኅተም የያዘው ሰው ግን የለም። «አሁን ይመጣል» ተባልኩ። 5:30 ሲሆን ቢሮው ለጁምዓ ተዘጋ። 7:30 ተመልሼ መጣሁ፤ የማኅተሙ ሰው ግን አልተመለሰም። በድሬ ከቀትር በኋላ ሰው ፀሐይ እስክትበርድ ጥላ ይፈልጋል፤ ይኼን ረስቼዋለሁ። ማኅተሙ 10 ሰዓት ላይ ተገኘ።

በዚህ ሁሉ ሰዓት ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ኮሪደሩ ላይ አንድ ካርታ ተለጥፏል። ካርታው 9 የከተማ ቀበሌና 38 የገጠር ቀበሌ ያሳያል። የገጠሮቹ በአራት ክላስተር ተከፍለዋል፦ ጀልዴሳ፣ ቢዮ አዋሌ፣ ዋሂልና አሰሊሶ። አጠገቤ ተራ የሚጠብቁ አንድ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ካርታውን ስመለከት አይተው «እሱ አዲሱ ነው» አሉኝ። ከዚያ አሮጌውን በቃላቸው አወረዱልኝ። የሰማሁትን በኋላ ከማውቀው ጋር አገናኘሁት።

ከጣሊያን በኋላ፣ በ1934 አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት ስትከፋፈል ይኼ ሁሉ ሐረርጌ ሆነ። ከጠቅላይ ግዛት በታች አውራጃ፣ ከአውራጃ በታች ወረዳ፣ ከወረዳ በታች ምክትል ወረዳ ነበር። የዚህ አካባቢ አውራጃ ኢሳና ጉርጉራ ይባል ነበር። ርዕሰ ከተማው ድሬዳዋ ነው። ልብ በሉ፤ አውራጃው የተጠራው በከተማዋ ስም አይደለም። ኢሳና ጉርጉራ የሁለት ጎሳ ስሞች ናቸው፤ ገጠር የሚኖረው ሰው ስም ማለት ነው።

ደርግ አልፎ ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲመጣ፣ በመስከረም 1980፣ አምስት ራስ ገዞች ታወጁ፦ ኤርትራ፣ አሰብ፣ ትግራይ፣ ኦጋዴንና ድሬዳዋ። ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐረር ወጥታ ራሷን ቻለች። አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ መንግሥት ተለወጠ። በሽግግሩ ዘመን ኦሮሚያም የኔ ናት አለ፣ ሶማሌም የኔ ናት አለ። ሲያከራክር ቆይቶ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ሆነች። ቻርተሯን ያገኘችው በ1996፣ በአዋጅ ቁጥር 416 ነው። በእነዚህ ዓመታት አስተዳደሩ ሁለት ወረዳ ነበረው፤ አንዱ ከተማው ራሱ፣ ሁለተኛው የገጠሩ ወረዳ ጉርጉራ።

«አሁን ጉርጉራ የት አለ?» አልኳቸው ወደ ካርታው እያሳየሁ።

«እሱን ነው የምልህ» አሉኝ።

ካርታው ላይ ስሙ የለም። አውራጃ የነበረ ስም ወረዳ ሆነ፣ ከወረዳ ደግሞ ወደ ክላስተር ተበትኗል። ክላስተር የሚለውን ቃል በስድስቱ ቀን ከአንድም ገበሬ አፍ አልሰማሁትም።

ቅዳሜ፣ ጀልዴሳ

የድሬ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ አብሮኝ ሊሄድ ተስማማ። ኦሮምኛውንም ሶማሊኛውንም እንደ አማርኛው ያስኬደዋል። እኔ በሁለቱም «ደህና ናችሁ» ከማለት አላልፍም።

ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጣን። ከተማው ካለቀ በኋላ አሸዋ፣ ግራር፣ ደረቅ ወንዝ፣ ግመል ነው። ጓደኛዬ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ሲነግረኝ መጣ። «ጀልዴሳ» በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት ነው ይላል። እኔ አንድም ዝንጀሮ አላየሁም።

ጀልዴሳን ያየ ሰው ትልቅ ነገር ነበረች ብሎ አይገምትም። ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ግን ድሬዳዋ ከመወለዷ በፊት የዚህ አገር በር እሷ ነበረች። ከዘይላ የሚነሣው የነጋዴ ጓዝ ወደ ሐረር የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። በረሃውን ያቋረጠው ግመል እዚህ ጭነቱን ያራግፋል፤ ከዚህ በላይ ተራራ ነውና በቅሎና አህያ ይረከባል። ግብፆች በ1868 ሐረርን ሲይዙ እዚህ ወታደር አስቀመጡ። በ1877 ለቀው ሄዱ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1878፣ ፖሮ የሚባለው ጣሊያናዊ መኳንንት የመራው ቡድን በዚሁ አካባቢ ተገደለ። ምኒልክ በ1879 ጨለንቆ ላይ ካሸነፉ በኋላ ደግሞ ጀልዴሳ የራስ መኮንን የጉምሩክ በር ሆነች።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። ሐሳቡ ሐረር ድረስ መዝለቅ ነበር። ተራራው አላስወጣም። ሐዲዱ ሜዳው ላይ ቆመ፤ በታኅሣሥ 1895 ባቡሩ ገባ። መጀመሪያ ስሟ አዲስ ሐረር ነበር፣ በኋላ ድሬዳዋ ጸናላት። ጀልዴሳ በአንድ ጊዜ ከመንገድ ወጣች። ዛሬ በወረቀት እሷ ናት የድሬዳዋ ቀበሌ። ታላቅ እህት በታናሿ መዝገብ ስትጻፍ አስቡት።

አንድ ሽማግሌ ጋ ተቀመጥን። ሽርጣቸውን አጣጥፈው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። ሆጃ መጣልን፤ ከቡና ተክል የሚፈላ ባለ ወተት መጠጥ ማለት ነው። ጓደኛዬ «አባ፣ ይኼ ልጅ የድሮውን የአስተዳደር ነገር ይጠይቃል» አላቸው። ሽማግሌው ወደ ቤት ገብተው የላስቲክ ከረጢት ይዘው ወጡ።

ከረጢቱ ውስጥ ሦስት መታወቂያ አለ። አንዱ የገበሬ ማኅበር ነው፤ ጥርሳቸው ሙሉ፣ ጠጉራቸው ጥቁር። ሁለተኛው ላይ የጉርጉራ ወረዳ ማኅተም ይነበባል፣ ጠርዙ በውሃ ደብዝዟል። ሦስተኛው የአሁኑ የቀበሌ መታወቂያ። በሦስቱም ላይ የሚኖሩበት አንድ ቦታ ነው።

«ታዲያ ቤት ቀይረው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

በዱላቸው ከኋላቸው ያለውን ቤት አሳዩኝ። «ያው ነው።»

ስለ ቆጠራው ጠየቅኳቸው። የ1999ኙን በደንብ ያስታውሱታል። ቆጣሪው ሲመጣ ልጆቻቸው ከግመሎቹ ጋር ሩቅ ነበሩ። «እኔ ቆጠርኩለት፣ እሱ ጻፈ» አሉ። ሁለቱ ደግሞ ጅቡቲ ናቸው። እነሱንስ ቆጠሯቸው? ሳቁ። «ልጅ አይደሉ እንዴ?» ሌላ ጊዜ የግብርና ሰዎች ፍየል ሊቆጥሩ ሲመጡ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሰው ይጨመራል፣ ፍየል ይቀነሳል። ሰው ሲበዛ ዱቄትና ክትባት ይመጣል፤ ፍየል ሲበዛ ግብር ይመጣል። ሳይንሱን ከዚህ በላይ አጣርቶ የነገረኝ የለም።

ይህ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ከ1987 እስከ 1999 የድሬዳዋ ሕዝብ ከ251,864 ተነሥቶ ነው 341,834 የደረሰው፤ 90 ሺህ ገደማ ተጨምሯል። ከዚያ በኋላ አገር አቀፍ ቆጠራ የለም። አራተኛው ለ2010 ታስቦ ተገፋ፣ በ2011 እንደገና ተራዘመ፣ እስከ ዛሬም አልተደረገም። አሁን የሚሠራው በግምት ነው፤ ግምቱ ከግማሽ ሚሊዮን ያሳልፈዋል። ጀልዴሳ ላይ ያየኋቸው ጉድጓድ ዙሪያ የሚሯሯጡ ሕፃናት አንዳቸውም በቆጠራ የሉም።

ስንመለስ ጓደኛዬ ስለ 40-40-20 አነሣ። ለኦሮሞና ለሶማሌ ፓርቲዎች 40-40፣ ለሌላው 20 የሚባለው የሥልጣን ክፍፍል ነው። ከተማ ውስጥ ስንት ጭቅጭቅ አስነሥቷል። ሽማግሌውንስ ጠይቀናቸው ነበር ወይ? አዎ፣ ጠይቀናቸው ነበር። ኦሮሞ ነዎት ሶማሌ ብለን። «ጉርጉራ ነኝ» ነው ያሉን። በኦሮምኛ ነው ያሉት፤ ከሚስታቸው ጋር ግን በሶማሊኛ ሲያወሩ ነበር።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ወደ ማታ ከፊራ ገበያ ወጣሁ፤ ሙሽበክ በላሁ። ስመለስ የደቻቱን ወንዝ ተሻገርኩ። አሸዋ ብቻ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ይኼ ደረቅ አሸዋ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አክስቴ ያቺን ሌሊት ማውራት አትወድም። አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ «እዚህ እኮ ብዙም አልዘነበም። ከላይ ነው የመጣው።»

ከላይ ያለችው ነገ የምሄድበት ነው።

ሰኞ፣ ቢዮ አዋሌ

መንገዱ ሽቅብ ነው። አየሩ በየኩርባው ይለወጣል። ጀልዴሳ ላይ ያወለቅኩትን ጃኬት እዚህ ለበስኩት። ቆላው ግመልና ፍየል፣ ወይና ደጋው ማሽላና ጫት፤ ሁለቱም ድሬዳዋ። ማሽላው ታጭዷል፣ አገዳው በየቤቱ ጥግ ተከምሮ ቆሟል። ለከብትም ነው፣ ለማገዶም ነው፣ ለአጥርም ነው።

በመጀመሪያ የስሙ ነገር። «ቢዮ» በሶማሊኛ ውሃ ነው። በኦሮምኛ ደግሞ «ቢዮ» ሲጠብቅ አፈር ነው። ታዲያ ይኼ ቦታ ውሃ ነው አፈር? ሚኒባሱ ውስጥ ጥያቄውን አነሣሁና ጸጸተኝ። እስክንወርድ ድረስ ሁለት ተሳፋሪዎች አልተስማሙም። «ድሬዳዋ» ራሷ እንደዚሁ ናት። ሶማሌው ድር የሚባለው አባት ጦሩን የተከለባት ይላል፣ ሌላው የመድኃኒት ሜዳ ይላል። ሁሉም እርግጠኛ ነው።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ክፍት ነበር። ደብዳቤዬን አሳየሁ። ያ ሁሉ የተለቀሰበት ማኅተም በሁለት ሰከንድ ታየና ተመለሰልኝ። የቀበሌው ሰው ወጣት ነው፣ ፈገግተኛ። ከመሳቢያው አንድ ወፍራም መዝገብ አወጣ። የአባወራ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ማሳ። አንዳንዱ ስም በቀይ ተሰርዟል፤ የሞተ ወይም የሄደ ነው። ከጎኑ በእርሳስ «ከተማ» የሚል ጽሑፍ ያለበት በዛብኝ።

«እነዚህ ተመልሰው አይመጡም?» አልኩት።

«ለመውሊድ ይመጣሉ» አለ።

ቀበሌ የሚለው ቃል እዚህ መዝገብ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ሰዉ «ጋንዳ» ነው የሚለው። ትልልቆቹ ደግሞ አሁንም «ማኅበር» ይላሉ። ይኼ ከየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ የተረፈ ነው። ያ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገ በኋላ ገበሬውን በማኅበር አደራጀ፤ አንድ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ 800 ሄክታር መሬት ይሸፍናል። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም ተባለ። እዚህ ዳገት ላይ 10 ሄክታር ያለው ሰው ተፈልጎ አይገኝም። ለማንኛውም የዛሬ የገጠር ቀበሌ ድንበር ብዙው ያኔ ነው የተሰመረው። ክፍለ ሀገር ፈርሷል፣ አውራጃ ፈርሷል፣ ራስ ገዝ ፈርሷል፤ ከላይ ያለው ሁሉ ሲፈርስ ከታች ያለው ማኅበር ስሙን ቀይሮ ቆይቷል። እኔን ያስገረመኝ ይኼ ነው። የአስተዳደር ታሪክ ስናወራ ሁልጊዜ ከላይ ነው የምንጀምረው።

ከቢሮው ስንወጣ ወጣቱ እርከን አሳየን። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ከታች እስከ ጫፍ። «ይኼ ምን ጥቅም አለው?» ብዬ እንደ ከተሜ ጠየቅኩ። ጓደኛዬ ወደ ታች ጠቆመኝ። ሸለቆው እየተጠማዘዘ ወርዶ ወደ ድሬ ነው የሚሄደው። አክስቴ «ከላይ ነው የመጣው» ያለችው ትዝ አለኝ። እዚህ የተራቆተ ዳገት ጎርፉን ሰብስቦ ደቻቱ ላይ ነው የሚያራግፈው። እርከን የሚሠራው ገበሬ የራሱን አፈር ያዳናል፤ ሳያውቀው የከዚራንና የመጋላን በርም ይጠብቃል። ለዚህ ደመወዝ የሚከፍለው ያለ አልመሰለኝም።

መንገድ ላይ ማገዶ ያዘሉ ሴቶች አገኘን። ወገባቸው እስከ መሬት ጎንበስ ብሏል። ወደ ከተማ ነው። እኛ በሚኒባስ አለፍናቸው። ይኼን ስጽፍ አሁንም ደስ አይለኝም።

ዋሂልና አሰሊሶ በዚህ ጉዞ አልደረሱኝም። ቀኔም አለቀ፣ ገንዘቤም ሳሳ።

ማክሰኞ፣ ሐረር ደርሶ መልስ

ሐረር ቅርብ ነው፤ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ። ደንገጎን ስትወጣ ጆሮ ይደፈናል። በዚህች አጭር መንገድ ሦስት አስተዳደር ታልፋለህ። ከድሬዳዋ ወጥተህ ኦሮሚያ ትገባለህ፣ ሐሮማያንና አወዳይን ታልፋለህ፣ ከዚያ የሐረሪ ክልል። ረዳቱ ግን አንዱንም አልጠራልንም። «አወዳይ ወራጅ!» ብቻ ነው ያለው።

የሄድኩት ለማወዳደር ነው። ሐረሪ ክልል በጣም ትንሽ ናት፤ 340 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1999 ሕዝቧ 183,415 ነበር። ጀጎልን ያየ ሰው ክልሉ በግንቡ የሚያልቅ ይመስለዋል፣ ልክ አክስቴ ድሬን እንደምታስባት። ግን ከዚያ ሕዝብ ከተሜው 99,368 ብቻ ነው፤ ግማሹን ትንሽ ነው ያለፈው። ክልሉ 9 ወረዳ አለው፤ ስድስቱ ከተማ ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱ ገጠር። ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጠያራ። የመጨረሻው በኦሮምኛ ቃል በቃል የአውሮፕላን ሜዳ ነው። ቀበሌዎቹ 36 ናቸው፤ 19 የከተማ፣ 17 የገጠር። የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫም 36 ነው፤ ግጥምጥሞሹ ደስ አለኝ። ከነዚያ 14ቱ የሐረሪ ብሔረሰብ ጉባኤ ናቸው፤ አዲስ አበባ የሚኖር ሐረሪም ለእነዚህ ድምፅ ይሰጣል። የሶፊ ገበሬ በሩ ላይ ሆኖ የሚመርጠው ከቀሩት 22 ውስጥ ነው። ይኼ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለው ሐረር ውስጥ ቡና ያቀዘቅዛል፤ እኔ ቡናዬን በትኩሱ ጠጣሁ።

አንድ ነገር ግን ቀናሁ። የሐረሪ ገጠር ወረዳዎች ስማቸውን ይዘዋል። ሶፊ ሶፊ ነው። ኤረር ኤረር ነው። ሰው ከየት ነህ ሲሉት የሚመልሰውና መታወቂያው የሚለው አንድ ነው።

ማታ ድሬ ስገባ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተቀበለኝ።

ረቡዕ፣ እንደገና ከዚራ

ከረፋዱ በኋላ ነው አውቶቡሴ። ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ማድቤት ስለነበረች እኔ ከፈትኩ። ባለ ወተቷ ናት። ቀይ ጋርድ የለበሰች፣ ቢጫ ጄሪካን የያዘች፣ ዕድሜዋ ከአክስቴ ብዙ የማያንስ ሴት። ይኼ ወተት ነው ስድስት ቀን ሙሉ በሻይ ስጠጣ የከረምኩት።

«ከየት ነው የምትመጪው እናቴ?» አልኳት።

«አሰሊሶ» አለች።

አክስቴ ከማድቤት ብቅ አለች። ቆርቆሮዋን ይዛ ቆመች። «አሰሊሶ የት ነው?»

ሴትዮዋ ወተቱን እየቀዳች በአገጯ ወደ ውጪ ጠቆመች። በአይሱዙ ጀርባ ነው የምትመጣው፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ። ስንት ዓመት ሆነሽ ስላት ለአክስቴ ማምጣት የጀመረችው ትልቁ ልጇ ሲወለድ ነው። ልጁ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ እዚሁ ከተማ።

አክስቴ ሒሳቡን ከፈለች። ከዚያ ትንሽ ቆየት ብላ «ስምሽ ማን ነበር?» አለቻት።